«ፍሬኑ እምቢ አለው»፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቁልቁለቶች ፍሬን ለምን ይከዳል?

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከሱሉልታም ሸንተረሩን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርዱት መንገዶች ላይ አደጋ ሲደርስ፣ ወሬው በአብዛኛው የሚያበቃው «ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው» በሚል ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ምክንያቱን አይነግረንም። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ሊሆን ይችላል፤ ሸራው፣ ማለትም ጎማውን በሰበቃ የሚይዘው የፍሬን ክፍል፣ ግሎ፣ የዘይት ቱቦ ፈንድቶ፣ የአየር ግፊት ወርዶ፣ ወይም ሹፌሩ መኪናውን ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ለቅቆት ሊሆንም ይችላል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው መነሻ፣ የየራሳቸው ምልክትና የየራሳቸው መከላከያ አላቸው። በአንድ ስም ሲጠሩ ግን አደጋው ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ ከሰማይ ለሚወርድ ነገር ደግሞ ማንም ቀድሞ አይዘጋጅም።

ከተዘረዘሩት ውስጥ ድንገተኛ ሊባል የሚችለው የቱቦ መፈንዳት ነው፤ እሱም ቢሆን ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ወይም አብጦ መክረሙ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ይታያል። የቀሩት በሳምንታትና በወራት የሚበስሉ ብልሽቶች ወይም የመንዳት ልማዶች ናቸው። በከተማው ዳርቻ እየኖረ በየቀኑ ወደ መሐል የሚመላለሰው ሰው በበዛበት፣ የኤሌክትሪክ መኪናም «ፍሬኑ ሰርቪስ አይፈልግም» እየተባለ በሚገዛበት በዚህ ጊዜ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

ቁልቁለት ወደ ሙቀት ሲለወጥ

መኪና ከከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ወይ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይ ሙቀት ይሆናል። የፍሬን ሥራ ይህን ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ለውጦ ለአየር መስጠት ነው። የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አካባቢ ደግሞ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሰው ሞልቶ 2,500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሚኒባስ ከዚህ ልዩነት ውስጥ 500 ሜትሩን ብቻ ቢወርድ 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ጁል የጉልበት መለኪያ ነው፤ የተጠቀሰው መጠን 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። መኪናው በከባድ ማርሽ (በ1ኛ ወይም በ2ኛ) ከተያዘም ሞተሩ ብዙውን ይሸከመዋል። ማርሹ ከተለቀቀ ግን ጭነቱ በሙሉ በጎማዎቹ ውስጥ ባሉት ጥቂት ኪሎ ብረቶች ላይ ያርፋል።

እነዚህ ብረቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚሽከረከር የብረት ሳህን ሲሆን፣ ካሊፐር የሚባለው መያዣ ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ እያስጠጋ ይጨብጠዋል። ታምቡር ደግሞ ከበሮ መሰል ብረት ነው፤ ሸራዎቹ በውስጡ ተቀምጠው ፍሬን ሲያዝ ወደ ውጭ ይከፈቱና ግድግዳውን ይጫኑታል። ዲስኩ ለነፋስ የተጋለጠ በመሆኑ ቶሎ ይበርዳል። ታምቡሩ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ በዚያ ላይ ብረት ሲግል ስለሚሰፋ፣ ግድግዳው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ከሸራው ይርቃል።

ፔዳሉ ጠጣር ሆኖ አለመያዝ፣ ፔዳሉ ወለል መንካት

በቁልቁለት የሚከሰተው የፍሬን መክዳት በዋናነት ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱን መለየት ከጋራዥ ሰዎች ጋር ለመግባባትም ይረዳል። በመጀመሪያው ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠጣር ነው፤ መኪናው ግን አይያዝም። ይህ የሚሆነው ሸራው ከሚችለው በላይ ሲግልና የሰበቃ ኃይሉ ሲቀንስ ነው። ሹፌሩ የበለጠ ይረግጣል፤ የበለጠ ይሞቃል፤ የበለጠ ይደክማል። የተቃጠለ ሽታና ጭስ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

በሁለተኛው ፔዳሉ ይላላል፣ ከዚያም ያለ ምንም መቋቋም እስከ ወለሉ ይወርዳል። የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች ፍሬን ሃይድሮሊክ ነው፤ ማለትም የእግርን ግፊት ወደ ጎማው የሚያደርሰው በቱቦ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ዘይቱ በካሊፐሩ አጠገብ ፈልቶ አረፋ ከፈጠረ እግር የሚጫነው እንፋሎቱን እንጂ ሸራውን አይደለም። ይህ ብልሽት የተለየ ጠባይ አለው፤ መኪናው ቆሞ ከበረደ በኋላ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ጤነኛ መስሎ ይገኛል። ከአደጋ በኋላ በተደረገ ምርመራ «ፍሬኑ ይሠራል» ተብሎ ሹፌሩ እንደ ዋሸ የሚቆጠርበት አጋጣሚ ሊፈጠር የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መርማሪ የዘይቱን ሁኔታ ሳያይ መደምደም የለበትም።

ውሃ የሚጠጣ ዘይት

ብዙ ባለ መኪና የሞተር ዘይት በየጊዜው ያስቀይራል፤ የፍሬን ዘይትን ግን ሲጎድል ከመጨመር በቀር አያስታውሰውም። እንደ እኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ነው። በተለምዶ የምንጠቀምባቸው ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት የፍሬን ዘይቶች ከአየር ውስጥ እርጥበትን ይስባሉ፤ በላስቲክ ቱቦና በዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን በኩል የሚገባው እርጥበት ቀስ በቀስ ይከማቻል። አዲስ ዶት 3 በደረጃው መሠረት ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ አይፈላም፤ ከክብደቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስክ ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ሊግል ስለሚችል፣ በአሮጌና በአዲስ ዘይት መካከል ያለው የ65 ወይም የ75 ዲግሪ ልዩነት ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ፈሳሽ እዚህ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ የፍሬን ዘይትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

አብዛኞቹ አምራቾች ዘይቱ በየ2 ዓመቱ በሙሉ እንዲቀየር ይመክራሉ። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር ባይሄድም ምክሩ አይቀየርም፤ እርጥበት የሚገባው በጊዜ ነውና። ዘይቱ ወደ ቡናማ ወይም ጥቁር መለወጡ የእርጅና ምልክት ነው፤ ሆኖም ውሃ የጠጣ ዘይት ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል ቀለም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አንዳንድ ጋራዦች በዘይቱ ውስጥ ነክረው የውሃውን መጠን የሚያሳይ እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያ አላቸው፤ ፍተሻው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ዘይቱ ሲጎድል ዝም ብሎ መጨመርም ስህተት ነው። መጠኑ የሚቀንሰው ወይ ሸራው ስላለቀና የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ውጭ ስለወጣ፣ ወይ የሆነ ቦታ ስለሚያፈስ ነው፤ ሁለቱም መታየት ያለባቸው ናቸው። በምትኩ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው የላስቲክ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ መላውን ሥርዓት ያበላሻል።

ከፍታው የሚወስደው እርዳታ፣ ፎሌ የሚጨምረው አደጋ

እግር ብቻውን መኪና አያቆምም። ከፔዳሉ በስተኋላ ሰርቮ የሚባል ክብ ቆርቆሮ አለ፤ በአንድ ጎኑ ሞተሩ አየር ይመጥለታል፣ በሌላው ጎኑ የውጭ አየር ይገፋዋል፣ በዚህ ልዩነት የእግርን ኃይል ያበዛል። የውጭው አየር ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው መኪና፣ ያው ሰርቮ፣ በአዲስ አበባ የሚሰጠው እርዳታ በጅቡቲ ወደብ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። ሹፌሩ ለምዶት አይታወቀውም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለድክመት የተወው ትርፍ ከመነሻው ጠብቧል ማለት ነው።

ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ሰርቮው ያጠራቀመው ኃይል ከሁለትና ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ እንግዲህ አደገኛ የሚሆነው በሁለት በኩል ነው፤ ሞተሩ ሊሸከመው የሚገባውን ጉልበት ፍሬኑ ላይ ይጥላል፣ ሞተሩ ከጠፋም የፍሬኑን አጋዥ ያሳጣል።

ልማዱ የቆየ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሳት ከጀመረና ዋጋው በተከታታይ ከጨመረ ወዲህ ደግሞ ለሹፌሮች የሚሰጠው ምክንያት በርትቷል። ክርክሩ በከፊል እውነት ነበረው፤ በካርቡራተር በሚሠሩ የድሮ ሞተሮች በፎሌ መውረድ ጥቂት ነዳጅ ያተርፍ ነበር። ነዳጅ በኮምፒውተር በሚረጭባቸው መኪኖች ግን ነገሩ ተገልብጧል። መኪናው በማርሽ እንዳለ እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ መርጫውም ነዳጅ መስጠቱን ያቆማል። በፎሌ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መቀበል ግድ ይለዋል። ስለዚህ በዛሬዎቹ መኪኖች ሞተሩን ሳያጠፋ በፎሌ የሚወርድ ሰው ነዳጅም ያባክናል።

አውቶማቲክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም። በማርሽ መቀየሪያው ላይ ከ«ዲ» በታች ያሉት «ኤስ»፣ «ቢ»፣ «ኤል» ወይም «2» የተባሉት ቦታዎች የተቀመጡት በዋናነት ለቁልቁለትና ለዳገት ነው፤ በቪትስና በያሪስ ከሱሉልታ የሚወርዱ ብዙ ሰዎች ግን ነክተዋቸው አያውቁም። ወደ ከባድ ማርሽ መግባት ያለበትም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፍጥነቱ ገና ዝቅ እንዳለ ነው።

የጭነት መኪኖች

ሲኖትራክና መሰል ከባድ መኪኖች የሚቆሙት በታመቀ አየር ነው። በእነዚህ ላይ አየሩ ፈጽሞ ቢያልቅ የኋላ ጎማዎችን ጠንካራ ስፕሪንግ ራሱ ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ «አየር አልቆበት ሸመጠጠ» የሚለው ማብራሪያ ሁልጊዜ አሳማኝ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ታምቡሩ ግሎ ሲሰፋ፣ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያቀርበው ማስተካከያም ካልተጠበቀ፣ የሚገፋው ዘንግ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሸራው ሳይነካ መቅረቱ ነው። አሸዋና ጠጠር ከመጠን በላይ ጭኖ ወደ ከተማው የሚገባ መኪና ይህን ችግር በእጥፍ ያከብደዋል። ሹፌሩ የጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩን የሚያከብደውን የሞተር ፍሬን ገና ከአናቱ መጠቀም፣ የአየር ጋኖቹንም በየዕለቱ ከውሃ ማራገፍ አለበት። በዚያው በሱሉልታ መስመር ቀጥሎ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የታየ ትንሽ ድክመት እዚያ ሲደርስ ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

ወደ ጋራዥ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን የሲጥታ ድምፅ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተሠራ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እንዲነካ የተተከለ ትንሽ ብረት አለ። ድምፁ ወደ ፍግፍግታ ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነውና መኪናው ከዚያ በላይ መነዳት የለበትም። አዲስ የዲስክ ሸራ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ይገባዋል፤ በዳገትና ቁልቁለት ለሚመላለስ ሰው ትንሽ ቀደም ማለት ይሻላል፤ የሳሳ ሸራ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ቶሎ ያስተላልፋልና።

ፔዳሉ እየተረገጠ ሲንቀጠቀጥ የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል እንዳልሆነ ይጠረጠራል። ዲስኩን በቶርኖ ማስላግ የሚቻለው አምራቹ በጠርዙ ላይ ከጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት እስካልወረደ ድረስ ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንዱ ካሊፐር ደርቋል፣ ወይም አንዱን ሸራ ዘይት ነክቶታል። በዳርቻው ኮረኮንች መንገዶች አቧራና ጭቃ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ስለሚያደርቁ ይህ ብልሽት እዚያ በቶሎ ይመጣል። ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢሞቅም ምክንያቱ ይኸው ነው። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠው ቢይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ ማስተር ሲሊንደሩ፣ ማለትም የእግርን ግፊት ወደ ዘይት የሚለውጠው ክፍል፣ ከውስጥ እያሳለፈ ነው። ይህ ከምልክቶቹ ሁሉ ቀጠሮ የማይሰጠው ነው።

ሰርቮውን ማንም ሰው በግቢው ሊፈትሸው ይችላል። ሞተር እንደጠፋ ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግመው ይረግጡታል፤ ከዚያ እንደ ረገጡ ሞተር ያስነሳሉ። ፔዳሉ ጥቂት ወረድ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልተንቀሳቀሰ መታየት አለበት።

ቦሎ ያገኘ መኪና

«ቦሎ አድሷል፣ ፍሬኑ ደህና ነው» የሚል መከራከሪያ ከአደጋ በኋላ ይሰማል። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ በሮለር ላይ የሚደረገው የፍሬን ፍተሻ የእያንዳንዱን ጎማ የመያዝ ኃይልና በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር ያሳያል። ነገር ግን ፍተሻው የሚካሄደው ቆሞ በነበረ፣ ባልጋለ፣ ብዙ ጊዜም ባዶ በሆነ መኪና ላይ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ውሃ የጠጣ ዘይት በዚህ ሁኔታ እንደ አዲስ ዘይት ይሠራል። ስለዚህ ሮለሩ ቀዝቃዛውን ፍሬን ይመዝናል እንጂ ከ10 ደቂቃ ቁልቁለት በኋላ የሚሆነውን አይነግረንም። የዘይቱን የውሃ መጠን መለካት ወደ ምርመራው ቢጨመር ይህ ቀዳዳ በአነስተኛ ወጪ ይጠባል። ወረፋውን ያረዝማል የሚሉ ይኖራሉ፤ ልኬቱ የሚወስደው ጊዜ ግን ይህን ስጋት የሚያጸና አይመስለኝም።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማው በፍጥነት በዝተዋል። እነዚህ መኪኖች እግር ከመርገጫው ሲነሳ ሞተራቸውን ወደ ጄኔሬተር ለውጠው ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሱታል፤ መኪናውም በዚያው ይያዛል። ሸራቸው ብዙ ጊዜ መቆየቱ እውነት ነው። «ፍሬን አያስነካም» የሚለው ድምዳሜ ግን ሁለት ነገሮችን ይረሳል።

አንደኛው፣ ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ጉልበት መቀበል አይችልም። በሱሉልታ ወይም በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ሌሊቱን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ትናንት መኪናውን ይይዝለት የነበረው ኃይል ዛሬ ይቀንስበታል ወይም ጨርሶ ያጣዋል። ከባትሪው የተነሳ ከመሰል የነዳጅ መኪና በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎዎች የሚከብደው መኪናም በተለመደው የሸራ ፍሬን ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው በ80 ወይም በ90 በመቶ ማቆም ይችላል፤ የጎደለውን ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላለታል።

ሁለተኛው፣ ሥራ የፈታ ፍሬን ይዝጋል። የማይነካ ዲስክ በክረምት ይሻግታል፤ የካሊፐር ፒኖችም ይደርቃሉ። ፎልክስዋገን በአይዲ.4 የኋላ ጎማዎች ላይ ከአየር የተሸፈነውን ታምቡር የመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የፍሬን ዘይቱም እንደ ማንኛውም መኪና ውሃ ይጠጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ጠበቅ አድርጎ ፍሬን መያዝ፣ በየዓመቱ ፒኖቹን ማጸዳትና ማስቀባት፣ ዘይቱንም በጊዜው ማስቀየር ይኖርበታል።

ሸራው፣ ገበያውና ኃላፊነቱ

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ መለዋወጫዎች ዋጋ አሻቅቧል፤ ገዢውም ወደ ርካሹ ሸራ ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። በማሸጊያው ብቻ ጥራትን መለየት አይቻልም። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ግን ከረጅም ቁጥር መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ ኃይል ይጠቁማል። «ኢ» ዝቅተኛ፣ «ኤፍ» መካከለኛ፣ «ጂ» ከፍተኛ ነው። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ዋናው ሁለተኛው ፊደል ነው። ፊደሉ በአምራቹ የሚታተም በመሆኑ ሊመሳሰል ይችላል፤ ጨርሶ የሌለበትን ሸራ ግን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ይሆናል። ሸራ ሲቀየርም የግራውና የቀኙ አብረው መቀየር አለባቸው።

ተጠያቂው ማን ነው በሚለው ላይ አስተያየቱ ይለያያል። አንዳንዶች መንገዱን ይወቅሳሉ፤ ማምለጫ የሌለው ረጅም ቁልቁለት የትኛውንም ስህተት ይቅር አይልም፤ ይህ ትክክል ነው። ሌሎች የመኪኖቹን እርጅና ያነሳሉ፤ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች እንዳይገቡ ቢያከብድም፣ ቀድሞ የገባው መኪና በመንገድ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ እንዳራዘመውም ያስረዳሉ። ሁለቱም ክብደት አላቸው፤ ሆኖም በደንብ የተያዘ የ25 ዓመት ሚኒባስ ዘይቱ 6 ዓመት ካልተቀየረ የቅርብ ጊዜ ሞዴል መኪና ይልቅ ቁልቁለት ላይ አስተማማኝ ነው።

በእኔ ግምት ትኩረት የተነፈገው የሚኒባስ ታክሲ የሥራ ውል ነው። ሹፌሩ ለባለ ንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል፤ መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ለሁለቱም ኪሳራ ነው። የፍሬን ጥገና ደግሞ እንደ ጎማ መተኮስ መኪናውን አያቆመውም፤ ሸራው 2 ሚሊ ሜትር የቀረው ሚኒባስ ዛሬም ይሠራል፣ ነገም ይሠራል። በዚህ ውል ውስጥ ምልክቱን ቀድሞ የሚሰማው ሹፌር የመጠገን ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ ያለው ባለ ንብረት ደግሞ ፔዳሉን አይረግጥም። የታክሲ ማኅበራት በወር አንድ ግማሽ ቀን ገቢ የማይጠየቅበት የፍሬን ፍተሻ በውሉ ውስጥ ቢያስገቡ፣ ለባለ ንብረቱም ወጪው ከአንድ ጥንድ የተበላ ዲስክ ዋጋ ያነሰ ይሆናል፤ በሱሉልታ፣ በሽሮ ሜዳና በካራ መስመር ለሚሠሩት ደግሞ ይህ ፍተሻ በየ15 ቀኑ ቢሆን አይበዛም።